በቡድን ወይስ በግል? ተማሪዎች የፕሮጀክት አሠራራቸውን እንዲመርጡ ማድረግ

አንድ የክፍል ፕሮጀክት በቡድን ይሠራ ወይስ በግል የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው መምህሩ ነው፤ ሲወስንም ከትምህርቱ ይልቅ የሚያርመውን ወረቀት ብዛት የሚያስብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ውሳኔውን ለተማሪዎች ለመተው ግን በቂ ምክንያት አለ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሰው ከውስጡ ተነሳስቶ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው ይላሉ፤ እነርሱም በራስ ፈቃድ መሥራት፣ እችላለሁ የሚል ስሜትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር ናቸው። የአሠራር ምርጫ የመጀመሪያውን በቀጥታ ያሟላል። ሁለቱን ግን እንደ አሰጣጡ ሊያጠናክራቸውም ሊጎዳቸውም ይችላል፤ ምክንያቱም ሳይዘጋጁበት የተሰጠ ምርጫ ወዲያውኑ የጓደኛ ምርጫ ይሆናል። ጎበዞቹ እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ ዝምተኛው ብቻውን ይቀራል፣ አንዳንዱም «ስሜን አስገቡልኝ» ብሎ ሥራውን ለሌሎች ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ የመምህሩ ድካም የሚበዛው ተማሪዎቹ ከመምረጣቸው በፊት ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፈውም በአብዛኛው ስለዚያ ዝግጅት ነው።

ሥራው ምርጫ የሚፈቅድ መሆኑን ማረጋገጥ

ሁሉም ፕሮጀክት ምርጫ አይፈቅድም። የትምህርቱ ዓላማ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሐሳብ በጽሑፍ አደራጅቶ ማቅረብ እንዲችል ከሆነ፣ ጽሑፉን በቡድን ማሠራት ዓላማውን ያስቀረዋል። ዓላማው ተማሪዎች ተከራክረው የጋራ አቋም ላይ መድረስን እንዲለማመዱ ከሆነ ደግሞ ብቻውን የሚሠራ ተማሪ የሚለማመደው ነገር አይኖርም። እንዲህ ባለ ጊዜ ምርጫ የሌለ መሆኑን ከነምክንያቱ በግልጽ መንገር ይሻላል፤ ለይስሙላ ጠይቆ በመጨረሻ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ መንዳት ተማሪዎች በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀርብላቸውንም እውነተኛ ምርጫ እንዳያምኑት ያደርጋቸዋል።

ለማጣራት የሚረዳው ቀላሉ መንገድ የሚለካውን ነገር አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጎ መጻፍና፣ አንዲት ቃል ሳይለወጥ ለብቸኛውም ለቡድኑም የሚሠራ መሆኑን ማየት ነው። ለምሳሌ በሳይንስ ትምህርት «ተማሪው አንድ ሁኔታ በተክል እድገት ላይ ያለውን ተጽዕኖ በሙከራ ይለካል፣ ልኬቱን በግራፍ ያሳያል፣ መደምደሚያውንም በራሱ መረጃ ይደግፋል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ዓላማው ለሁለቱም አሠራር ይስማማል። ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው መጠን ነው። ብቻውን የሚሠራው ተማሪ 10 የባቄላ ችግኞችን ይዞ ግማሹን በብርሃን፣ ግማሹን በጨለማ አስቀምጦ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ቢለካ በቂ ነው። ሦስት ተማሪዎች ያንኑ ሙከራ ከተሰጣቸው ግን አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይቀራል። የሦስት ሰው ሥራ እንዲሆን አንዱ ብርሃንን፣ ሌላው የውሃ መጠንን፣ ሦስተኛው የአፈር ዓይነትን ይያዝ፤ የቡድኑ የመጨረሻ ጥያቄም «ከሦስቱ የትኛው የበለጠ ለውጥ አመጣ?» የሚል ይሁን። ይህን ጥያቄ የሦስቱንም ልኬት ሳይዙ መመለስ አይቻልም። ኤልየት አሮንሰን በ1971 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቴክሳስ ግዛት ኦስቲን ከተማ በነበሩ ትምህርት ቤቶች ያስጀመረው የትብብር ትምህርት ዘዴም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ የትምህርቱን አንድ ቁራጭ ብቻ ይይዛል፣ ቀሪውን የሚያገኘውም ከጓደኞቹ ነው።

በዚሁ ምሳሌ ሁለቱ አሠራሮች የሚያስገኙት ትምህርት የሚለያይበትን ቦታም ማየት ይቻላል። በጨለማ የበቀለ ባቄላ ብርሃን ፍለጋ ስለሚመዘዝ ግንዱ በብርሃን ካደገው ይረዝማል፤ ነገር ግን ቀጭንና ገርጣ ያለ ይሆናል። ርዝመትን ብቻ የለካ ተማሪ «ጨለማ እድገትን ያፋጥናል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በቡድን ውስጥ ከሆነ አንዱ «ታዲያ ለምን ቢጫ ሆነ? ለምንስ ቀና ብሎ መቆም አቃተው?» ብሎ የመጠየቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ክርክሩም ወደ ቅጠል ብዛትና ወደ ግንድ ውፍረት ይወስዳቸዋል። ብቻውን የሚሠራው ተማሪ ይህን ተከራካሪ ስለማያገኝ በመሐል የመምህሩ ጥያቄ ሊደርሰው ይገባል። በአንጻሩ ችግኙን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ራሱ ስለተከታተለ፣ ከግራፉ ላይ የትኛው ነጥብ በየትኛው ቀን እንደተለካና ለምን ከሌሎቹ እንደወጣ ሊያስረዳ ይችላል። እኔ ግል ሥራን ከቡድን ሥራ የማሳንስበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሚሰጡት ነገር የተለያየ መሆኑን ተማሪዎቹ ቀድመው ካወቁ ምርጫቸውም የታሰበበት ይሆናል።

ስንት ዓይነት ምርጫ፣ ምን ያህል ቡድን?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለቡድን ሥራ ሁልጊዜ ይጠቀሳል፤ ገመድ በማስጎተት የተደረገው ታዋቂ ሙከራ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በኅብረት ሲጎትቱ የእያንዳንዳቸው ድርሻ የሰው ቁጥር በጨመረ ቁጥር እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ስምንት ሰዎች አንድ ላይ ሲጎትቱ የተገኘው ኃይል ለየብቻ ቢጎትቱ ይኖራቸው ከነበረው ድምር ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት መናበብ ማስቸገሩ ሲሆን ሌላው ደግሞ ሰው በብዙዎች መካከል ሲሆን ጉልበቱን መቆጠቡ ነው። በክፍል ውስጥም ሁለቱም ይታያሉ። በሦስት ሰዎች መካከል ያለው የሁለት ለሁለት ግንኙነት 3 ነው፤ በአራት ሰዎች 6፣ በስድስት ሰዎች ግን 15 ይደርሳል። ስድስት ሆነው የሚሠሩ ተማሪዎች ጊዜያቸው በቀጠሮ የሚያልቀው ለዚህ ነው። የቡድን ከፍተኛው ቁጥር ከአራት እንዳይበልጥ፣ ሲቻልም ሦስት እንዲሆን እመክራለሁ።

ምርጫውን በቡድንና በግል ብቻ መወሰንም አያስፈልግም። በጥንድ መሥራት በቡድን ለሚፈሩና በብቸኝነት ለሚሰለቹ ተማሪዎች ጥሩ መካከለኛ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው አማራጭ፣ መረጃውን አብሮ ሰብስቦ ዘገባውን ለየብቻ መጻፍ ነው፤ ተማሪዎቹ የሙከራውን ድካም ይካፈላሉ፣ ማሰቡንና መጻፉን ግን ማንም ለማንም አይሠራለትም። በግል፣ በጥንድ፣ በሦስት፣ እንዲሁም አብሮ ሰብስቦ ለየብቻ መጻፍ የሚሉት አራት አማራጮች ለማንኛውም ክፍል ይበቃሉ።

ምርጫውን እንዴት እንጠይቅ?

በክፍል ውስጥ «በቡድን የምትፈልጉ እጅ አውጡ» ማለት ምርጫ መጠየቅ አይደለም። ተማሪው እጁን ከማውጣቱ በፊት ዙሪያውን ያያል፤ የሚያወጣውም ጓደኛው ካወጣ ነው። ምርጫው በጽሑፍ፣ ለየግል፣ ተማሪዎቹ ከመመካከራቸው በፊት ይሰብሰብ። የሚሞላው ወረቀት አራት ጥያቄዎች ብቻ ቢኖሩት ይበቃል፤ የትኛውን አሠራር እንደመረጠ፣ ለዚህ ሥራ ያ አሠራር ለምን እንደሚስማማው፣ ከሥራው የትኛው ክፍል ይከብደኛል ብሎ እንደሚያስብ፣ በቡድን ከሆነም አብሮት ቢሠራ የሚወደውን አንድ ሰውና አብሮት መሥራት የሚቸግረውን አንድ ሰው እንዲጽፍ ይጠየቅ። የመጨረሻውን መልስ ከመምህሩ በቀር ማንም እንደማያየው አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ቃሉም ይጠበቅ።

ከአራቱ ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። «ብቻዬን መሥራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስጽፍ ጸጥታ እፈልጋለሁ፣ ችግኞቹንም ቤት ወስጄ መለካት እችላለሁ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስለ ሥራው አስቧል። «ብቻዬን፤ ምክንያቱም ባለፈው ሁሉንም እኔ ሠርቼ ማርኩን እኩል ተካፈልን» ብሎ የጻፈው ግን የጻፈው ስለ ውጤት አሰጣጥ ነው፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው፤ መልሱም ቀጥሎ በሚመጣው ክፍል ይገኛል። ምንም ምክንያት ሳይጽፍ «በግል» ብቻ ያለ ዝምተኛ ተማሪ ካለ ደግሞ ከክፍል ውጭ ለብቻው ይጠየቅ። ብቸኝነቱን ወዶት ከሆነ ይከበርለት፤ ማንም አይፈልገኝም ብሎ ከሆነ ግን ያ ምርጫ አይደለም፣ መምህሩም አብሯቸው ሊሠራ ከሚችላቸው ሁለት ሰዎች ጋር በዘዴ ሊያገናኘው ይገባል። «ማን ይወስደዋል?» የሚለው ጥያቄ በክፍል ፊት ፈጽሞ አይነሳ።

ቡድኖቹን የሚያዋቅረው መምህሩ መሆን አለበት። ተማሪው ከጠቀሰው አንድ ሰው ጋር እንዲሆን መጣር ጥሩ ነው፤ ሦስተኛውን ግን መምህሩ ከጻፉት የከበዳቸው ክፍል ተነስቶ ይምረጥ፤ ግራፍ የሚከብደውን ግራፍ ከማይከብደው ጋር፣ መጻፍ የሚከብደውን መጻፍ ከማይፈራው ጋር ማለት ነው። የሁሉንም ጓደኞች ምርጫ ማሟላት አይቻልም፤ ይህንም ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት መናገር ከኋላ ክርክር ያድናል። የቡድን ስብሰባ ሁሉ በክፍል ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ማድረግም ያስፈልጋል፤ ከትምህርት በኋላ ሥራ ያለበት ወይም ቤቱ የራቀ ተማሪ በቀጠሮ ምክንያት ብቻ በግል መሥራትን እንዳይመርጥ።

አንድ ገደብ ብቻ አስቀምጣለሁ፤ በዓመቱ ውስጥ ፕሮጀክቶቹ ከሦስት የማያንሱ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንዱን በግል፣ ቢያንስ አንዱን ከሌላ ሰው ጋር ይሥራ። የትኛውን መቼ እንደሚያደርግ የሚወስነው ራሱ ነው።

ውጤት አሰጣጥ

ተማሪዎች በምርጫው የሚያምኑት ማርኩ ሲገባቸው ነው። የቡድን ሥራ ላይ ያለው ቅሬታ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአንድ ምንጭ ይነሳል፤ የተለያየ ሥራ ለሠሩ ሰዎች እኩል ማርክ መስጠት። በ1979 ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ ሰዎችን በማስጮህና በማስጨብጨብ ባደረጉት ሙከራ፣ ሰው በቡድን ውስጥ ሲሆን ብቻውን ሲሆን ከሚያወጣው ያነሰ ድምፅ እንደሚያወጣ አረጋግጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ እንደሚታወቅ ሰዎቹ ሲያውቁ ስንፍናው በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ መፍትሔው ሰነፉን መገሠጽ ሳይሆን ድርሻውን የሚታይ ማድረግ ነው።

አንድ የሚሠራ አከፋፈል ላሳይ። ከ100 ማርክ 40ው ለተረከበው ሥራ ይሁን፤ በቡድን ለሠሩት ይህ የጋራ ነው። ቀሪው 60 የእያንዳንዱ ተማሪ ነው፤ ከዚህም 25ቱ በስሙ ለያዘው ክፍልና ለልኬት ደብተሩ፣ 20ው ለቃል ጥያቄ፣ 15ቱ በየሳምንቱ ለሚጽፈው አጭር የሥራ ማስታወሻ ይከፈላል። ሦስት ተማሪዎች በጋራ ሥራቸው ከ40 32 ቢያገኙና በግል ድርሻቸው አንዱ 48፣ ሁለተኛው 41፣ ሦስተኛው 27 ቢያገኙ፣ የመጨረሻ ውጤታቸው 80፣ 73 እና 59 ይሆናል። ደካማው በጋራው 32 ተደግፏል፤ ጎበዙም በሌላው ስንፍና አልተጎዳም። ብቻውን የሠራው ተማሪ የሚታረመውም በዚሁ አከፋፈል ነው፤ እርሱም የቃል ጥያቄ ይጠየቃል፣ ማስታወሻም ይጽፋል። ለግል ሥራ ሌላ መለኪያ ማውጣት አንዱ መንገድ ቀላል ነው የሚል ወሬ ያስነሳል፤ ወሬው ከተነሳ ደግሞ ምርጫው ማርክ ፍለጋ ይሆናል።

የጋራው ድርሻ ከ40 ቢወርድ ተማሪዎቹ አብረው የመሥራት ምክንያት ያጣሉ፤ ከ50 ቢያልፍ ደግሞ «ስሜን አስገቡልኝ» ማለት ያዋጣል። በዚህ መካከል መምህሩ ለክፍሉ የሚስማማውን ይምረጥ።

የቃል ጥያቄው ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይተዋል። እንዲያጥር ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይቅረብ፤ አንዱ ስለ ራሱ ክፍል፣ አንዱ ስለ ጓደኛው ክፍል። የውሃውን ክፍል የያዘው «በጨለማ ያለው ችግኝ ለምን ረዘመ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ቡድኑ እርስ በርስ ተነጋግሮ ይሁን ወይም ሦስት የተለያዩ ወረቀቶችን በስቴፕለር አያይዞ ይሁን መልሱ ወዲያው ይናገራል። ብቻውን የሠራው ተማሪ ሁለተኛው ጥያቄ «ይህን ሙከራ ሌላ ሰው ቢደግመው ምን እንዲለውጥ ትመክረዋለህ?» የሚል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ለሦስት ሰው ቡድን 8 ደቂቃ ይበቃል፤ 45 ተማሪ ያለበት ክፍል ሁሉም በሦስት ቢሠራ 15 ቡድን ስለሚሆን 120 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ብዙዎች በግል ከመረጡ ይህ ጊዜ ይጨምራል፤ ሌሎቹ በሥራቸው ላይ ሳሉ በየመቀመጫቸው እየዞሩ መጠየቅ ግን ጫናውን ያቀልለዋል። ከሌላ ሰው የተኮረጀ ወይም በሌላ ሰው የተሠራ ሥራም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ተማሪዎች እርስ በርስ ማርክ እንዲሰጣጡ ማድረግ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። እኔ አልወደውም። ጓደኛሞች ሙሉ ማርክ ይሰጣጣሉ፤ የተኳረፉ ደግሞ ይቀናነሳሉ። አንዱ ሌላውን በተመለከተ «ምን ሠራ?» ለሚለው የሚጽፈው መልስ ግን መምህሩ የቃል ጥያቄውን የት ላይ እንደሚያጠብቅ ይጠቁመዋል፤ ለዚያ ያህል ይበቃዋል።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ

የመረጠ ሰው ሐሳቡን የመለወጥ ዕድልም ሊኖረው ይገባል፤ ገደብ ግን ያስፈልጋል። ለሦስት ሳምንት ፕሮጀክት የመጀመሪያዎቹ አምስት የትምህርት ቀናት ለዚህ ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ በግል የጀመረ ወደ ቡድን አይገባም፤ ሌሎች ግማሽ መንገድ ከተጓዙ በኋላ የሚገባ ሰው የሚያገኘው ሥራ ሽፋን ማሳመር ብቻ ይሆናልና። ከቡድን ወደ ግል መውጣት ግን በከባድ ምክንያት ሊፈቀድ ይችላል፤ የሚወጣውም የሚቀሩትም እስከዚያ የተሰበሰበውን መረጃ ሁለቱም መጠቀም እንደሚችሉ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይቀመጥ። ይህች አንዲት መስመር ቀድማ ካልተጻፈች፣ የተጣሉ ተማሪዎች በልኬት ደብተር ላይ ሲጨቃጨቁ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያልቃል።

በመሐል ላይ አንድ ምርመራ ይደረግ። በዚያ ቀን ማርክ አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ተማሪ እስከዚያ የሰበሰበውን መረጃ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ መምህሩም ይዞራል። ባዶ ደብተር የያዘ የቡድን አባል የሚታወቀው በዚህ ቀን ነው፤ ለማስተካከልም ገና ጊዜ አለ። ብቻቸውን ለሚሠሩት ደግሞ ይህ ቀን ሥራቸውን ለሌላ ሰው የሚያሳዩበት ይሁን፤ በግል የሚሠሩ ሁለት ተማሪዎች ግራፋቸውን ተለዋውጠው እያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄ ቢጽፉ፣ በቡድን ያሉት በክርክር የሚያገኙትን በከፊል ያገኛሉ።

ቡድን ውስጥ ጠብ ሲነሳ መምህሩ ፈጥኖ እንዳይፈርድ ይጠንቀቅ። መጀመሪያ የሥራ ማስታወሻቸውን ያንብብ፤ ብዙ ጊዜ ጠቡ የሚነሳው ማን ምን እንደያዘ በግልጽ ባለመጻፉ ነው፤ ድርሻው ሲጻፍም ይበርዳል። ካልበረደ ቡድኑን መበተን ነውር የለውም።

ምርጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር መምህር በትልቁ ፕሮጀክት አይጀምር። ከአንድ ሳምንት የማይበልጥ፣ ከሴሚስተሩ ማርክ ከ5 በላይ የማይዝ ሥራ ይምረጥ፤ አራቱን አማራጮች ሁሉ ሳይሆን በግልና በጥንድ የሚሉትን ብቻ ያቅርብ። ሥራው ሲያልቅ ተማሪዎቹ የመጀመሪያ ቅጻቸው ይመለስላቸውና በጀርባው ላይ «የመረጥኩት ጠቀመኝ ወይስ አልጠቀመኝም? በሚቀጥለው ምን እመርጣለሁ?» ለሚሉት መልስ ይጻፉ። ቅጾቹ በየስማቸው ይቀመጡ፤ ለቀጣዩ ፕሮጀክት ቡድን ሲዋቀር መምህሩ በመጀመሪያ የሚያነባቸው እነርሱን ነው።